ማን ይቆጠራል? የአይሁድ ማኅበረሰቦች የነዋሪ ጥናቶች ሲፈተሹ

እስቲ ራሳችሁን በአንድ የአሜሪካ ከተማ፣ በአንድ የአይሁድ በጎ አድራጎት ድርጅት ቢሮ ውስጥ አስቀምጡ። የዓመቱ በጀት ጠረጴዛችሁ ላይ ነው፤ ደግሞም አይበቃም። ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች ምሳ የሚያደርስ መኪና ይገዛ ወይስ ለመዋዕለ ሕፃናቱ አንድ ክፍል ይጨመር? መኪናው ቢገዛስ ወደ የትኛው ሰፈር ይሂድ? ይህን ለመወሰን ስንት አዛውንትና ስንት ሕፃን እንዳለ፣ የት የት እንደሚኖሩም ማወቅ አለባችሁ። ቀላል ይመስላል አይደል? ችግሩ መንግሥት ሊነግራችሁ አለመቻሉ ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ሃይማኖት አይጠይቅም።

ስለዚህ ማኅበረሰቦቹ ራሳቸው ያጠናሉ። በየከተማው "ፌዴሬሽን" የሚባሉ የአይሁድ ድርጅቶች አሉ። ገንዘብ ያሰባስባሉ፣ አገልግሎት ያከፋፍላሉ፣ በየተወሰነ ዓመቱም ባለሙያ ቀጥረው የነዋሪ ጥናት ያስጠናሉ። ከኒው ዮርክ እስከ ማያሚ ብዙ ከተሞች ይህን አድርገዋል።

እነዚህን ጥናቶች እዚህ እንገመግማለን። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ለከተማ ደረጃ እቅድ ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ቁጥር፣ "በጠቅላላው ስንት ናቸው?" የሚለው፣ ከውስጣቸው ደካማው ነው። ይባስ ብሎ፣ ከጥናቱ የሚያመልጡት ሰዎች ብዙ ጊዜ አገልግሎቱ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። እንዴት እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መንግሥት ለምን አይጠይቅም?

መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን አስቆጥሮ ቸነፈር እንደወረደ ያስታውሳል። በአይሁድ ትውፊት ሰውን በቀጥታ መቁጠር ድሮም የሚያሠጋ ነገር ነበር። የዘመናችን ሥጋት ግን ከትውፊት ብቻ የመጣ አይደለም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በኔዘርላንድስ የከተማ አስተዳደሮች የነዋሪዎችን መዝገብ በጥንቃቄ ይይዙ ነበር፤ ሃይማኖትም በመዝገቡ ላይ ነበረ። ለክፋት አልነበረም፤ ለአስተዳደር ነበር። በ1940 የናዚ ጀርመን ጦር አገሪቱን ሲይዝ ግን መዝገቡ የተዘጋጀ መሣሪያ ሆኖ ጠበቀው። አገሪቱ ውስጥ ከነበሩት 140 ሺህ ገደማ አይሁዶች ከ100 ሺህ በላይ ተገደሉ። መዝገቡ ብቻውን አልገደላቸውም፤ ፍለጋውን ግን አቀለለ። ለዚህም ነው የደች አርበኞች በማርች 1943 የአምስተርዳምን የነዋሪዎች መዝገብ ቤት በፈንጂና በእሳት ያጠቁት።

ይህን የሚያውቅ ሰው "ሃይማኖትህ ምንድን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ የመንግሥት ሠራተኛ በሩ ላይ ሲቆም ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የአሜሪካ የቆጠራ ቢሮ በ1957 ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ ቤተሰቦችን በፈቃደኝነት ስለ ሃይማኖታቸው ጠይቆ ነበር። ጥያቄው በ1960ው ቆጠራ ውስጥ ይግባ ሲባል ግን ተቃውሞ ተነሣ፤ ከተቃዋሚዎቹ መካከል የአይሁድ ድርጅቶችም ነበሩ። ሐሳቡ ቀረ። በ1976 የወጣ ሕግ ደግሞ ማንም ሰው ለቆጠራ ሲባል ሃይማኖቱን እንዲናገር አይገደድም አለ።

እንግሊዝና ዌልስ ሌላ መንገድ መረጡ። በ2001ው ቆጠራ ላይ ሃይማኖትን ጠየቁ፤ መመለስ ግን ግዴታ አልነበረም። 259,927 ሰዎች "አይሁድ" ብለው መለሱ። በዚያው ቆጠራ 390,127 ሰዎች ሃይማኖታቸው "ጄዳይ" እንደሆነ ጻፉ። አዎ፣ የ"ስታር ዎርስ" ፊልም ጄዳይ! ቀልዱ ያስቃል፤ ግን ቁም ነገር አለው። በራስ ፈቃድ የሚመለስ ጥያቄ የሚለካው ሰው ምን እንደሆነ ብቻ አይደለም፤ ምን ብሎ መመለስ እንደፈለገም ይለካል። የቀለደ አለ፣ የፈራ አለ፣ ዝም ያለም አለ። ሦስቱንም ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ መለየት አትችሉም።

ከ42 ሰው አንዱን ማግኘት

ወደ አሜሪካ እንመለስ። መንግሥት ካልጠየቀ አጥኚው ራሱ መፈለግ አለበት። ስንት ሰው መጠየቅ አለበት?

ፒው የምርምር ማዕከል በ2020 ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከአሜሪካ አዋቂዎች 2.4 በመቶው አይሁዶች ናቸው። ከ42 ሰው አንድ እንደማለት ነው። 1,000 አይሁድ አዋቂዎችን በዘፈቀደ ለማግኘት ታዲያ ወደ 42 ሺህ ሰው ማናገር ያስፈልጋል። ያም የተጠየቀው ሁሉ ከመለሰ ነው! ከ100 ሰው 28ቱ ብቻ ቢመልሱ 149 ሺህ ሰው ጋ መሄድ ግድ ይላል። (28 በመቶን ዝም ብለን አልመረጥነውም፤ ከየት እንደመጣ በኋላ ታያላችሁ።) ይህን ሁሉ ስልክ መደወል ብዙ ገንዘብ ይበላል።

ስለዚህ አጥኚዎች አቋራጭ ይፈልጋሉ። አንደኛው አቋራጭ ስም ዝርዝር ነው፤ የምኩራብ አባላት፣ ለፌዴሬሽኑ የለገሱ፣ ልጆቻቸውን በአይሁድ ትምህርት ቤት ያስመዘገቡ ሰዎች። ርካሽና ፈጣን ነው። ግን አስቡት፤ ዝርዝሩ ላይ ያለው ድርጅቱ ቀድሞውንም የሚያውቀው ሰው ነው። ማንም የማያውቃቸው፣ ከምኩራብ የራቁ፣ ባለፈው ዓመት ከሌላ ከተማ የመጡ ብቸኛ አዛውንት ዝርዝሩ ላይ የሉም። ምሳ የሚያስፈልጋቸው ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ሁለተኛው አቋራጭ ስልክ ነው። በመደበኛ ስልክ ዘመን የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ሰውየው የሚኖርበትን አካባቢ ይናገሩ ነበር። ተንቀሳቃሽ ስልክ ይህን አፈረሰው። በኒው ዮርክ ቁጥሩን ያወጣ ወጣት ለሥራ ወደ ማያሚ ሲሄድ ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል። የማያሚው ጥናት አይደውልለትም፤ የኒው ዮርኩ ይደውልለታል፣ እሱ ግን እዚያ የለም። በዚህ ዓይነት ወጣቶች ከሁለቱም ጥናት ይወጣሉ።

ሦስተኛው አቋራጭ በስም መለየት ነው። እሱን ለብቻው እንየው።

ስም ምን ያህል ይናገራል?

በ1940ዎቹ ሳሙኤል ኮስ የተባለ አጥኚ አንድ ዘዴ አስተዋወቀ። እንደ ኮኸን፣ ሌቪ፣ ጎልድበርግ ያሉ በአይሁዶች ዘንድ የተለመዱ የቤተሰብ ስሞችን ሰብስቦ ከስም መዝገብ ላይ መፈለግ። እነዚህ ስሞች ያሏቸው ሰዎች ከጠቅላላው ማኅበረሰብ የተወሰነ ድርሻ ናቸው ተብሎ ይታሰብና ቀሪው በስሌት ይገመታል። ዘዴው ለአሥርት ዓመታት አገልግሏል፤ በጀታቸው አነስተኛ የሆነ ከተሞችን ጠቅሟል።

ድክመቱን ግን የአማርኛ አንባቢ ከማንም ቀድሞ ያየዋል። ዝርዝሩ በዋናነት የተሠራው ከምሥራቅና ከመካከለኛው አውሮፓ በመጡ አይሁዶች ስም ላይ ነው። ከጎንደር አካባቢ ወደ እስራኤል፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ የሄደ ቤተ እስራኤላዊ የአባቱ ስም ታደሰ ወይም ዓለሙ ቢሆንስ? ዝርዝሩ ያልፈዋል። በተቃራኒው ዋሽንግተን የሚኖር "ዳዊት ሰሎሞን" የሚባል ሰው አለ እንበል። ስሙን ብቻ ያየ ሰው "ይኸው አገኘሁ!" ሊል ይችላል፤ እሱ ግን እሑድ እሑድ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ኦርቶዶክስ ነው። በእኛ ዘንድ የአያት የቅድመ አያት የቤተሰብ ስም የለም፤ የአባት ስም ነው ያለው፤ ዳዊትም ሰሎሞንም የሁሉም ናቸው።

ከኢራን፣ ከሞሮኮ ወይም ከቡኻራ የመጡትም፣ አይሁድነትን በኋላ የተቀበሉትም፣ በጋብቻ ስማቸውን የለወጡ ሴቶችም በዚሁ ወንፊት ያልፋሉ። ዘዴው ሁሉንም እኩል አይስትም። የሚስተው በአብዛኛው አዲስ የመጡትን፣ ከብዙኃኑ የተለዩትን ነው። የዘፈቀደ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ትልቅ ናሙና ይፈውሰው ነበር፤ ወደ አንድ ወገን ያደላ ስሕተት ግን ናሙናው ቢተልቅም አይድንም። ይህን ልዩነት ያዙት፤ በስታቲስቲክስ ከምትማሯቸው ነገሮች ሁሉ ምናልባት ይበልጥ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።

አንድ መረጃ፣ ሁለት ቁጥር

እንበልና ሰዎቹ ተገኙ። አሁን ደግሞ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል፦ አይሁድ ማን ነው? እናቱ አይሁድ የሆነች? አባቱ ብቻ የሆነ? የማያምን ግን "አይሁድ ነኝ" የሚል? ከአይሁድ ወላጅ ተወልዶ በሌላ ሃይማኖት ያደገ?

ይህ የፍልስፍና ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1990 የተደረገው አገር አቀፍ የአይሁድ ሕዝብ ጥናት አንድ ቁጥር ይዞ ወጣ፦ ከ1985 ወዲህ ካገቡት 52 በመቶው ያገቡት አይሁድ ያልሆነ ሰው ነው። ቁጥሩ ከፍተኛ ድንጋጤ ፈጠረ። "ልንጠፋ ነው" ተባለ። ድርጅቶች ትኩረታቸውንና ገንዘባቸውን የወጣቶችን ማንነት ወደማጠናከር አዞሩ።

ከአሥር ዓመት በኋላ የተደረገው ተከታይ ጥናት የእነዚያኑ ዓመታት ጋብቻዎች መልሶ ሲያሰላ 43 በመቶ አለ። ምን ተለወጠ? የፊተኛው ስሌት ከአይሁድ ወላጅ ተወልደው በሌላ ሃይማኖት ያደጉ ሰዎችን ጋብቻም ይቆጥር ነበር፤ የኋለኛው አልቆጠረም። የተጋቡት ሰዎች ያው ናቸው፤ "ማን ይግባ?" የሚለው ብቻ ተለወጠ፣ ዘጠኝ ነጥብም ወረደ።

ከሁለቱ የትኛው ትክክል ነው? ሁለቱም ለየራሳቸው ጥያቄ ትክክል ናቸው። ጥፋቱ ትርጓሜው በግርጌ ተቀብሮ ቁጥሩ ብቻውን አደባባይ መውጣቱ ነው። ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ቁጥር ትርጓሜውን ከጎኑ ይዞ መሄድ ነበረበት።

ያ ተከታይ ጥናት፣ የ2000–01ዱ፣ ራሱም መከራውን አይቷል። ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ከማጣሪያ ቃለ መጠይቆቹ የተወሰነው መረጃ ጠፋ፤ በ2002 መጨረሻ ሊወጣ የነበረው ሪፖርት ዘገየ። ለማጣሪያው ጥያቄ የመለሱት 28 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ቅድም የተጠቀምንበት ቁጥር ይህ ነው። ድምሩ 5.2 ሚሊዮን ሆነ፤ የ1990ው 5.5 ሚሊዮን ነበር። ታዲያ 300 ሺህ ሰው ጠፋ ማለት ነው? በ2013 ፒው 6.7 ሚሊዮን ያህል አለ፣ በ2020 ደግሞ 7.5 ሚሊዮን። አንድ ሕዝብ በ30 ዓመት ውስጥ እንዲህ ቀንሶ እንዲህ አይጨምርም። ከለውጡ ከፊሉ እውነተኛ ዕድገት ሊሆን ይችላል፤ ትልቁ ክፍል ግን የዘዴና የትርጓሜ ልዩነት ነው።

የከተማ ጥናት የሚበልጥበት ቦታ

እስካሁን ወቅሰናል፤ አሁን ደግሞ እናመስግን። የ2011ዱ የኒው ዮርክ የአይሁድ ማኅበረሰብ ጥናት ጥሩ ምሳሌ ነው። ከተማዋንና ሦስት አጎራባች አውራጃዎችን የሸፈነ፣ 5,993 ቃለ መጠይቆች የተደረጉበት ጥናት ነው። ጋዜጦቹ 1.54 ሚሊዮን የሚለውን ድምር አነሡ። ለእቅድ የሚጠቅመው ግን ሌላው ነው፦ ከአምስት የአይሁድ ቤተሰቦች አንዱ ገደማ ድሃ ነው።

ይህ ብዙ ሰው በጭንቅላቱ ከያዘው ሥዕል ጋር አይገጥምም። "አይሁድ ሀብታም ነው" የሚለው ያረጀ ጭፍን አመለካከት በአገራችንም ይሰማል። ጥናቱ ግን ድሆቹን በየቡድናቸው አሳየ፦ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የመጡ ሩሲያኛ ተናጋሪ አዛውንቶች፣ ብዙ ልጆች ያሏቸው ሃሲዲክ ቤተሰቦች። ውጤቱ በየሰፈሩም ተተንትኗል፤ እንደ ቦሮ ፓርክ፣ ዊልያምስበርግና ብራይተን ቢች ያሉ ሰፈሮች ለየብቻቸው ይታያሉ። መኪናው ወዴት ይሂድ ለሚለው ጥያቄ የሚቀርበው መልስ ይህ ነው። አንዱ ሰፈር ሩሲያኛ የሚችል ማኅበራዊ ሠራተኛ ያስፈልገዋል፣ ሌላው የሕፃናት ምግብ። "1.54 ሚሊዮን" የሚለው ቁጥር ይህን በጭራሽ ሊነግራችሁ አይችልም።

ሆኖም ጥናቶች ወደ ሰፈርና ወደ ትንንሽ ቡድን ሲወርዱ አንድ ወጥመድ አለ። አንድ ምናባዊ ከተማ እንውሰድ። 1,000 ሰዎች ተጠይቀዋል፤ ከእነሱ 80ዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች ናቸው፤ ከ80ዎቹ ግማሾቹ "እርዳታ እፈልጋለሁ" አሉ። ሪፖርቱ "50 በመቶ" ብሎ ይጽፋል። በ1,000 ሰው ናሙና የስሕተቱ ስፋት ወደ 3 ነጥብ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ነው። በ80 ሰው ግን 11 ነጥብ ይሆናል። እውነቱ ከ39 እስከ 61 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል። ከተማው ውስጥ 2,000 እንዲህ ያሉ አዛውንቶች ካሉ፣ ምሳ የሚያስፈልጋቸው 780 ናቸው ወይስ 1,220? ልዩነቱ አንድ ሙሉ ወጥ ቤት ነው። ብዙ ሪፖርቶች ይህን ስፋት ለጠቅላላው ናሙና አንድ ጊዜ ጽፈው ያልፋሉ፤ ለትንንሾቹ ቡድኖች መድገም ግን ነበረባቸው። እቅድ አውጪው የሚያነበው እነሱን ነውና።

የእኛ ሰዎች በእስራኤል

ትርጓሜ ማንን እንደሚያስቀር ለማየት ወደ እስራኤል እንሂድ። እዚያ መንግሥት ይመዘግባል፤ ስለዚህ ስልክ መደወል አያስፈልግም። ታዲያ ችግሩ አለቀ? አላለቀም።

የእስራኤል ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለረጅም ዓመታት "ትውልደ ኢትዮጵያ" ብሎ የቆጠረው ሁለት ዓይነት ሰዎችን ነው፤ ኢትዮጵያ የተወለዱትን፣ እና እስራኤል ተወልደው አባታቸው ኢትዮጵያ የተወለደውን። በ2017 መጨረሻ በዚህ አቆጣጠር 148,700 ነበሩ። አሁን አስቡ፤ እናቷ ጎንደር፣ አባቷ ደግሞ ቤርሼባ የተወለዱ ልጅ አትቆጠርም። ሁለቱም ወላጆቿ እስራኤል የተወለዱ የልጅ ልጅም አትቆጠርም፤ መዝገቡ ላይ "ትውልደ እስራኤል" ናት።

"ጥሩ ነው እንጂ፣ ተዋሐደች ማለት ነው" ትሉ ይሆናል። ለአንዳንድ ጥያቄ ልክ ናችሁ። ለምሳሌ ለዕብራይስጥ ቋንቋ ትምህርት እቅድ ይህቺን ልጅ መቁጠር አያስፈልግም፤ አፏን የፈታችው በዕብራይስጥ ነው። ነገር ግን ጥያቄው "ጥቁር ልጆች በትምህርት ቤት አድልዎ ይደርስባቸዋል ወይ?" ከሆነ እሷን ያላካተተ ቁጥር ዋጋ የለውም። መንገድ ላይ የሚያያት ሰው አባቷ የት እንደተወለደ ጠይቆ አይደለም የሚያያት።

ሌላም አለ። በኦገስት 2013 ከኢትዮጵያ "የመጨረሻው" የተባለ በረራ 450 ሰዎችን ይዞ እስራኤል ገባ። በኖቬምበር 2015 ግን የእስራኤል መንግሥት በጎንደርና በአዲስ አበባ የሚጠብቁ 9,146 ሰዎች እንዲመጡ ወሰነ። እነዚህ ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ከየት መጡ? ከየትም አልመጡም፤ እዚያው ነበሩ። የተለወጠው ማን ይገባል የሚለው መስፈርት ነው። ዝርዝሩ "አለቀ" ሲል፣ እውነተኛ ቤተሰቦች፣ አንዳንዶቹ ልጃቸው ወይም እኅታቸው እስራኤል ያለች፣ ከዝርዝሩ ውጭ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር።

ታዲያ ምን ይሻላል?

"እንግዲያው ጥናቱ ይቅር" የሚል ድምዳሜ አይከተልም። ጥናት ከሌለ በጀቱ የሚሄደው ድምፁ ከፍ ወዳለው ሰው ነው። የመንግሥት መዝገብ ይዘጋጅ ማለትም አይደለም፤ የአምስተርዳም ታሪክ ይበቃል። ስም ሳይመዘግብ፣ በፈቃደኝነት፣ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያስጠናው ጥናት አሁንም የተሻለው መንገድ ነው። ነገር ግን ከአጥኚዎቹ ሦስት ነገር ልንጠብቅ ይገባናል።

አንደኛ፣ ትርጓሜው ከአገልግሎቱ ይነሣ። ለምኩራብ ትምህርት የሚበጀው ትርጓሜና ለአዛውንት ምሳ የሚበጀው አንድ አይደሉም። አከራካሪ ከሆነ በሁለቱም ትርጓሜ ተሰልቶ ሁለቱም ቁጥር ጎን ለጎን ይውጣ። ሁለተኛ፣ ማን እንዳመለጠ በግልጽ ይጻፍ፤ ቢቻል ደግሞ ያመለጡትን ለብቻ ፈልጎ፣ በቋንቋቸው የሚያናግር ሰው ይላክ። ሦስተኛ፣ ለትንንሽ ቡድኖች አንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚያ የሚል ስፋት ይቀመጥ።

እናንተስ? ብዙዎቹ የአሜሪካ ከተሞች ጥናቶች በርማን የአይሁድ መረጃ ባንክ በተባለው ማኅደር ውስጥ ለማንም በነፃ ተቀምጠዋል። አንዱን ክፈቱና ከድምሩ በፊት መጠይቁን አንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጥያቄዎች ላይ ሰውየው "ይገባል" ወይም "አይገባም" ተብሎ ስልኩ የሚዘጋበትን ቦታ ታገኙታላችሁ። እዚያ ላይ ቆም በሉና ጠይቁ፦ ስልኩ የተዘጋባቸው ሰዎች እነማን ናቸው፣ ምሳውስ ለእነሱ ያስፈልጋቸው ነበር ወይ?